እጅና እግር አልታዘዝ ሲል፦ የእንቅስቃሴ ቅንጅት ለሚያስቸግራቸው ልጆች የተዘጋጁ ልምምዶች አጭር ታሪክ

በየክፍሉ እንዲህ ያሉ ተማሪዎች አይጠፉም። በቃል ሲጠየቁ ጥሩ ይመልሳሉ፤ በጽሑፍ ሲጠየቁ ግን ወረቀታቸው በስርዝ ድልዝ የተሞላ ነው። ከጥቁር ሰሌዳ ገልብጠው ሳይጨርሱ ደወል ይደወላል። በጂኦሜትሪ ክፍለ ጊዜ ኮምፓሱ ከእጃቸው ያመልጣል፤ ማስመሪያው ይንሸራተታል። በሰውነት ማጎልመሻ ሰዓት የተወረወረላቸውን ኳስ መቅለብ ያቅታቸዋል፤ ቡድን ሲመረጥም ሁልጊዜ መጨረሻ የሚቀሩት እነሱ ናቸው። ዓይናቸው ያያል፤ ጆሮአቸው ይሰማል፤ እጅና እግራቸውም ሽባ አይደለም። ነገር ግን የታዘዘውን በሚፈለገው ሰዓትና በሚፈለገው መጠን አይፈጽምላቸውም።

እንዲህ ላለው ልጅ የሚሰጠው ስም አይታጣም፤ «ዝርክርክ»፣ «ቀርፋፋ»፣ «ግዴለሽ»፣ «ልፍስፍስ» ይባላል። ለጽሕፈቱ መበላሸት ነጥብ ይቀነስበታል። ቢታዘንለትም «በርታ» ይባላል እንጂ እንዴት እንደሚበረታ የሚያሳየው ሰው ጥቂት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለእነዚህ ልጆች ምን ዓይነት ልምምድ ይበጃቸዋል የሚለው ጥያቄ በታሪክ ውስጥ እንዴት እንደ ተነሣና ምን ምን መልስ እንደ ተሰጠው ባጭሩ ማስረዳት ነው። በታሪኩ ውስጥ ሁለት አስተያየቶች ሲፎካከሩ እናያለን። አንደኛው ወገን «ችግሩ ያለው ከእንቅስቃሴው በስተጀርባ፣ በአንጎል ወይም በስሜት ሕዋሳት ውስጥ ነው፤ መጀመሪያ እሱ ይታረም፤ ጽሕፈቱና ጨዋታው በኋላ በራሱ ይስተካከላል» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ልጁ መጻፍ ካቃተው መጻፍን፣ ኳስ መቅለብ ካቃተው ኳስ መቅለብን አስተምሩት» ይላል። ክርክሩ የሐኪሞች ብቻ አይደለም። መምህሩ ያለውን ጥቂት ጊዜ በምን ላይ ያውለው የሚለውን የሚወስን ስለሆነ የትምህርት ቤትም ጉዳይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ችግሩ ምንድን ነው?

ኳስ መቅለብ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሥራውን ከፋፍለን ብናየው ዓይን ኳሱን ይከተላል፤ አንጎል ኳሱ የትና መቼ እንደሚደርስ አስቀድሞ ይገምታል፤ እጆች ኳሱ ሳይደርስ ወደዚያ ያመራሉ፤ ጣቶች ልክ በሰዓቱ ይጨበጣሉ፤ በዚህ ሁሉ መካከል እግርና ወገብ የሰውነትን ሚዛን ይጠብቃሉ። ኳሱ ካመለጠ አንጎል ስሕተቱን ይመዘግብና ለሚቀጥለው ያርማል። አብዛኞቹ ልጆች ይህን ጥቂት ጊዜ ከደጋገሙት በኋላ ሳያስቡበት ያደርጉታል። አንዳንዶቹ ግን ሌላው በአሥር ሙከራ የሚማረውን በመቶ ሙከራም ላይጨርሱት ይችላሉ።

ዛሬ ሐኪሞች ይህን ሁኔታ «በዕድገት ወቅት የሚታይ የእንቅስቃሴ ቅንጅት እክል» ይሉታል። አንድ ልጅ ይህ እክል አለበት ለማለት አራት ነገሮች መሟላት አለባቸው። አንደኛ፣ የእንቅስቃሴ ችሎታው የመማር ዕድል እያለው ከዕድሜ እኩዮቹ በጣም ያነሰ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ችግሩ የዕለት ኑሮውን፣ ትምህርቱን ወይም ጨዋታውን የሚያውክ መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ ከሕፃንነት ጀምሮ የነበረ መሆን አለበት። አራተኛ፣ በዓይን ሕመም፣ በአእምሮ ዕድገት ውሱንነት ወይም በሌላ የነርቭ በሽታ የሚብራራ መሆን የለበትም። ከመቶ ልጆች ውስጥ አምስት ወይም ስድስት የሚሆኑት ይህ እክል እንዳለባቸው ይገመታል። እንግዲህ 60 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል ውስጥ ሦስት ወይም አራት ይሆናሉ ማለት ነው። ያለ ጊዜያቸው በተወለዱ ልጆች ላይ በብዛት ይታያል። የስንፍና ወይም የአስተዳደግ ጉድለት ውጤት ግን አይደለም።

የልምምድ ትምህርት አጀማመር

የሰውነት እንቅስቃሴን ደረጃ በደረጃ ከፋፍሎ ማስተማር በአውሮጳ በሰፊው የተጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ ነው። በስዊድን አገር ፔር ሄንሪክ ሊንግ የተባለ ባለ ቅኔና የጎራዴ ግጥሚያ መምህር በ1813 በስቶክሆልም የጂምናስቲክ ማሠልጠኛ ተቋም መሠረተ። ሊንግ ጂምናስቲክን በየዓላማው ሲከፍል አንዱን ክፍል ለሕክምና መደበው። የሰውነት እንቅስቃሴ በሥርዓት ከተመጠነ እንደ መድኃኒት ሊያገለግል ይችላል የሚለው አሳብ በአውሮጳ እንዲስፋፋ ይህ ተቋም ትልቅ ድርሻ ነበረው።

በፈረንሳይ አገር ደግሞ ልምምድን ለመማር ለተቸገሩ ልጆች ያዋሉ ሰዎች ተነሡ። ዣን ኢታር የተባለ ሐኪም በአቬሮን ጫካ ውስጥ ብቻውን ሲኖር የተገኘውንና ቪክቶር የተባለውን ልጅ ከ1800 ዓመት በኋላ ተቀብሎ ለዓመታት አስተማረው። ዘዴው የልጁን የስሜት ሕዋሳት አንድ በአንድ ማሠልጠን ነበር። የኢታር ተከታይ የነበረው ኤድዋር ሴጌን ይህን አሳብ አስፋፋው። ሴጌን በፓሪስ የአእምሮ ዕድገት ውሱንነት ላለባቸው ልጆች ትምህርት ከፈተ፤ ከ1848ቱ አብዮት በኋላም ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ሥራውን ቀጠለ። ዘዴውን የዘረዘረበትን ታዋቂ መጽሐፉን በ1866 በእንግሊዝኛ አሳተመ።

ሴጌን ትምህርቱን የሚጀምረው ከጡንቻና ከስሜት ሕዋሳት ነበር። ልጆች መሰላል እንዲወጡ፣ ክብደት እንዲያነሡ፣ ነገር በእጃቸው እንዲጨብጡና እንዲለቁ ያደርግ ነበር። ካዘጋጃቸው መሣሪያዎች አንዱ ልዩ ዥዋዥዌ ነው። ልጁ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጥበታል፤ ዥዋዥዌው ወደ ፊት ሲሄድ እግሩ ከፊቱ ያለውን ሳንቃ ይመታል፤ ተመልሶም ይገፋል። በዚህ መንገድ መቆም ያልጠናላቸው ልጆች ሳይወድቁ እግራቸውን ያጠነክራሉ። ሴጌን የአካልን ሥልጠና ለአእምሮ ትምህርት መሠረት አደረገው። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሁለቱም ወገኖች ከዚህ ምንጭ የቀዱት ነገር አለ።

ከስዊዝ ተራራ የመጣ ትምህርት

በመደጋገም ብቻ የጠፋ ቅንጅት ሊመለስ እንደሚችል በግልጽ ያሳየው ግን ሕፃናትን ሳይሆን ዐዋቂዎችን ያክም የነበረ ሐኪም ነው። ሃይንሪሽ ፍሬንክል ሃይደን በምትባል የስዊዝ ከተማ ይሠራ ነበር። ከበሽተኞቹ መካከል ቂጥኝ ሥር ሰድዶ ሕብለ ሰረሰራቸውን የጎዳባቸው ሰዎች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ጉልበት አላቸው፤ ዳሩ ግን እግራቸውና እጃቸው የት እንዳለ ስለማይሰማቸው ሲራመዱ ይንገዳገዳሉ፤ ጣታቸውን አፍንጫቸው ላይ ማሳረፍ ይሳናቸዋል።

እንደሚተረከው በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ አንዱ በሽተኛ ይህን የጣትና የአፍንጫ ፈተና ወደቀ። ምን እንደተፈለገ ጠይቆ ከተረዳ በኋላ ቤቱ ሄዶ ብቻውን ይለማመድ ጀመር። ከወራት በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ፈተናውን ያለ ችግር አለፈ። ፍሬንክል በዚህ ተደንቆ ለተመሳሳይ በሽተኞች የልምምድ ሥርዓት አዘጋጀ። ልምምዱ በመተኛት ይጀምርና በመቀመጥ፣ በመቆም፣ በመጨረሻም በመራመድ ይቀጥላል። ዝግታ፣ ጥንቃቄና ድግግሞሽ ዋና ሕጎቹ ናቸው። የጠፋውን ስሜት ዓይን ይተካዋል፤ በሽተኛው እግሩን እያየ በመሬት ላይ በተሰመረ ምልክት ላይ ያሳርፋል። በሽታው አይድንም፤ ሰውየው ግን መራመድን እንደገና ይማራል። የፍሬንክል ልምምድ ዛሬም በሕክምና ትምህርት ቤቶች ይጠናል።

በዚህ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ቁም ነገር አለ። በሽተኛው ጣቱን በአፍንጫው ላይ ማሳረፍን የተማረው ጣቱን በአፍንጫው ላይ በማሳረፍ ነው። ምን እንደሚፈለግበት ዐወቀ፤ ሞከረ፤ ስሕተቱን አየ፤ አረመ።

ማሪያ ሞንቴሶሪና የዕለት ተዕለት ሥራ

በኢጣልያ ማሪያ ሞንቴሶሪ የተባለችው ሐኪም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ በሮም በአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ውስጥ የነበሩ ልጆችን ስትመለከት የኢታርንና የሴጌንን መጻሕፍት አገኘች። ጽሑፎቹን በእጇ ወደ ኢጣልያንኛ ገልብጣ አጠናቻቸው። በጥር 1907 ሳን ሎሬንሶ በተባለው የሮም የድሆች ሰፈር የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤት በከፈተች ጊዜ ያን ዘዴ ለማናቸውም ሕፃናት አዋለችው።

ሞንቴሶሪ ለእጅና ለእግር ቅንጅት ካዘጋጀቻቸው ልምምዶች ብዙዎቹ ከኑሮ የተወሰዱ ነበሩ። ልጆች ውኃ ከዕቃ ወደ ዕቃ ይቀዳሉ፤ ወለል ይጠርጋሉ፤ በእንጨት ክፈፍ ላይ በተወጠረ ጨርቅ አዝራር መቆለፍንና ገመድ ማሰርን ይማራሉ። ወለሉ ላይ በተሰመረ መስመር ላይ ይራመዳሉ፤ ይህን ሲለምዱ ውኃ የሞላ ብርጭቆ ይዘው ውኃው ሳይፈስ ይሄዳሉ። ለጽሕፈትም ከብርጭቆ ወረቀት የተቆረጡ ፊደሎችን በጣታቸው እየዳሰሱ የአጻጻፉን አቅጣጫ ያጠናሉ። እዚህ ላይ ሁለቱ አስተያየቶች ጎን ለጎን ቆመው እናያቸዋለን። የመዳሰስ ስሜትን ማሠልጠን ከመጀመሪያው ወገን ነው፤ የራስን ልብስ አዝራር መቆለፍ ደግሞ ከሁለተኛው።

ችግሩ ስም ሲያገኝ

እስከዚህ ድረስ ሐኪሞችና መምህራን የሚያተኩሩት ግልጽ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ባለባቸው ላይ ነበር። ጤነኛና አስተዋይ ሆኖ እጅና እግሩ የማይታዘዝለት ልጅ ግን ገና ስም አልነበረውም።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በፓሪስ ኤርነስት ዱፕሬ የተባለ ሐኪም «የእንቅስቃሴ ድክመት» ያለውን ሁኔታ ገለጸ። በ1923 በሞስኮ ኦዜሬትስኪ የልጆችን የእንቅስቃሴ ችሎታ በየዕድሜያቸው የሚለካ ፈተና አወጣ። ልጁ በአንድ እግሩ ይቆማል፤ ኳስ ይወረውራል፤ ወረቀት በመቀስ ይቆርጣል፤ ውጤቱም ከዕድሜ እኩዮቹ ጋር ይነጻጸራል። ይህ ፈተና ወደ ሌሎች ቋንቋዎች ተተርጉሞና ተሻሽሎ ለብዙ ዘመን አገልግሏል። በ1937 ደግሞ አሜሪካዊው ሐኪም ሳሙኤል ኦርተን ስለ ንባብና ጽሕፈት ችግሮች ባሳተመው መጽሐፍ ከተለመደው በላይ ቅልጥፍና ስለ ጎደላቸው ልጆች ጻፈ።

ጉዳዩ በሰፊው የታወቀው በ1962 ነው። በዚያ ዓመት ጆን ዋልተንና ሁለት ባልደረቦቹ በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ያዩአቸውን ቅልጥፍና የጎደላቸው ልጆች ታሪክ በአንድ የነርቭ ሕክምና መጽሔት አወጡ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር የእንግሊዝ ሐኪሞች መጽሔት በርዕሰ አንቀጹ ስለ እነዚሁ ልጆች ጻፈ። በ1975 በአውስትራሊያ ሳሶን ጉባይ ለዚሁ ጉዳይ ብቻ የተጻፈ መጽሐፍ አሳተመ። በ1987 የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በመዝገቡ ውስጥ እክሉን ዛሬ በሚታወቅበት ስም አስገባው። በ1994 በካናዳ በለንደን ከተማ የተሰበሰቡ ባለሙያዎችም ሁሉም በዚህ አንድ ስም እንዲጠቀሙ ተስማሙ።

«ከሥር መሠረቱ እንጀምር» ያሉት

ስም ሲወጣ ልምምድም በየአቅጣጫው ይፈልቅ ጀመር። በ1960 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና መምህር የነበረው ኔዌል ኬፋርት በክፍል ውስጥ ስለሚዘገዩ ልጆች አንድ መጽሐፍ አወጣ። ማየትና ማስተዋል የሚገነቡት በእንቅስቃሴ ላይ ስለሆነ ልጁ በጠባብ እንጨት ላይ ሚዛኑን ጠብቆ ቢራመድ፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በሁለት እጁ ክብ ቢሥል፣ ንባቡና ጽሕፈቱ ይሻሻላል አለ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ይህን ተቀብለው አግዳሚ እንጨቶችን በየአዳራሹ ዘረጉ።

በዚያው ዘመን በፊላዴልፍያ ግሌን ዶማንና ካርል ዴላካቶ ከዚህ የራቀ ዘዴ አቀረቡ። አንጎል የሚያድገው በተወሰኑ ደረጃዎች ነው፤ አንዱን ደረጃ የዘለለ ልጅ ወደ ኋላ ተመልሶ መሳብና መዳህ አለበት አሉ። ልጁ በራሱ ካልቻለ ዐዋቂዎች ከበውት ራሱን፣ እጆቹንና እግሮቹን በመዳህ ሥርዓት ያንቀሳቅሱለታል። ይህም በየቀኑ ብዙ ጊዜ፣ ለወራትና ለዓመታት ይደጋገማል። ቤተሰቡ ሥራውን ትቶ ጎረቤት ያስተባብራል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ጉዳዩን ደጋግሞ መርምሮ፣ በ1982 እና በ1999 ባወጣቸው መግለጫዎችም ዘዴው የቆመበት አሳብ የማያስኬድ መሆኑን፣ የተባለው ውጤት አለመረጋገጡንና በቤተሰብ ላይ የሚያደርሰው ጫና ከባድ መሆኑን አስታወቀ።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ በጥንቃቄ የሠራችው በካሊፎርኒያ የነበረችው ጂን ኤርስ ናት። ኤርስ በ1972 ባሳተመችው መጽሐፍ አንጎል ከቆዳ፣ ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ፣ እንዲሁም በውስጥ ጆሮ ካለው የሚዛን ሕዋስ የሚደርሰውን መልእክት አዋሕዶ ካልተጠቀመ እንቅስቃሴም ትምህርትም ይታወካል ስትል አስረዳች። በእርሷ ዘዴ ልጁ በተንጠለጠለ መድረክ ላይ ይወዛወዛል፤ ጎማ ባለው ሳንቃ ላይ በሆዱ ተኝቶ ይንሸራተታል። ልምምዱ በጨዋታ መልክ የሚሰጥና የልጁን ፍላጎት የሚከተል በመሆኑ ልጆች ወደዱት። በ1980ዎቹም ጁዲት ላስሎ በአውስትራሊያ እጅ ያለበትን ቦታ ሳያዩ የማወቅን ስሜት ብቻ የሚያሠለጥን ዘዴ አወጣች።

ውጤቱስ? በ1983 ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የኬፋርትን ዓይነት ልምምድ የመረመሩ 180 ጥናቶችን ሰብስበው አነጻጸሩ። ልምምዱን የወሰዱት ልጆች ካልወሰዱት ምንም ያህል ልዩነት አልነበራቸውም። በንባብ ብቻ ሳይሆን በእንቅስቃሴም ጭምር እንዲሁ ሆነ። የኤርስን ዘዴ በተመለከተ የመጀመሪያዎቹ ጥናቶች ተስፋ ሰጥተው ነበር፤ በ1999 በወጣው የማጠቃለያ ጥናት ግን የኋለኞቹ ምርምሮች ያን ውጤት እንዳልደገሙት ታየ። የላስሎም ዘዴ በ1990ዎቹ ሲመረመር ከሌላ ልምምድ የተለየ ብልጫ አላሳየም። ልጁ በአግዳሚው እንጨት ላይ መራመድን ይማራል፤ ያ ትምህርት ግን በራሱ ወደ ደብተሩ አይሻገርም።

ወደ ሥራው መመለስ

በዚህ የተነሣ ከ1990ዎቹ ጀምሮ አያሌ ባለሙያዎች ፊታቸውን ወደ ሁለተኛው አስተያየት መለሱ። በካናዳ ሄለን ፖላታይኮና ባልደረቦቿ ልጁን ራሱን የዕቅዱ ባለቤት የሚያደርግ ዘዴ አዘጋጁ። መጀመሪያ ልጁ መማር የሚፈልጋቸውን ሦስት ነገሮች ይመርጣል፤ የጫማ ማሰሪያ ማሰር፣ ብስክሌት መንዳት፣ በፍጥነት መጻፍ ሊሆን ይችላል። ከዚያም አራት ቃላት ይማራል፤ ግብ፣ ዕቅድ፣ ድርጊት፣ ፍተሻ። ምን ማድረግ እፈልጋለሁ? እንዴት አደርገዋለሁ? አሁን ላድርገው። ዕቅዴ ሠራ ወይስ አልሠራም? አሠልጣኙ መልሱን አይነግረውም፤ በጥያቄ እየመራ ልጁ ስሕተቱን ራሱ እንዲያገኝ ያደርገዋል።

በሆላንድ ደግሞ ማሪና ስኹማከርና ቡወን ስሚትስ-ኤንገልስማን በ2003 ባወጡት ጥናት ሌላ ተመሳሳይ ዘዴ አስተዋወቁ። አሠልጣኙ ልጁ ያቃተውን ሥራ ይመለከትና በየትኛው ክፍል ላይ እንደሚሰናከል ይለያል። ኳሱን የሚስተው ዘግይቶ ስለሚያይ ነው? ወይስ ጣቶቹን ቀድሞ ስለሚጨብጥ? ከዚያ ሥራውን ራሱን ያቀልለታል፤ ኳሱን ያተልቀዋል፤ ርቀቱን ያሳጥረዋል፤ ልጁ ሲለምድ ደግሞ ቀስ በቀስ ያከብደዋል።

ለእኛ ለአፍሪቃውያን መምህራን በተለይ የሚጠቅመን በ2013 የወጣው የጊሊያን ፈርጉሰንና የባልደረቦቿ ጥናት ነው። ጥናቱ የተደረገው በደቡብ አፍሪቃ በኬፕታውን፣ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው ሰፈሮች በሚገኙ ትምህርት ቤቶች ነበር። አንዱ የልጆች ቡድን የሆላንዱን ዘዴ በቡድን ተለማመደ፤ ሌላው በቴሌቪዥን መስኮት ፊት በሚቆሙበት የኤሌክትሮኒክ ጨዋታ ሠለጠነ። ሁለቱም ቡድኖች ጥቅም አገኙ፤ የተሻለ ለውጥ ያሳየው ግን ሥራውን ራሱን የተለማመደው ቡድን ነበር። ውድ መሣሪያ በሌለበት ትምህርት ቤትም ቁም ነገር መሥራት እንደሚቻል ከዚህ እንረዳለን።

በ2012 የአውሮጳ የልጆች የአካል ጉዳት ምሁራን አካዳሚ ያወጣው መመሪያ፣ በ2019ም ታድሶ በዓለም አቀፍ ደረጃ የወጣው፣ የሚመክረው ይህንኑ በሥራው ላይ ያተኮረ ልምምድ ነው። እርግጥ ነው፣ ማስረጃው ሁሉ የጠነከረ አይደለም። በ2017 የወጣ አንድ ጥብቅ ግምገማ አብዛኞቹ ጥናቶች አነስተኛ ልጆችን የያዙና በአሠራራቸው ጉድለት ያለባቸው እንደሆኑ አሳይቷል። ስለዚህ «ፈጽሞ ይድናሉ» ማለት አይገባም። ከቀረቡት መንገዶች ሁሉ የተሻለ ድጋፍ ያገኘው ይህ ነው ማለት ግን ይቻላል።

«ሲያድግ ይተወዋል» የሚለው አነጋገር

ብዙ ወላጆችና መምህራን ልጁ ሲያድግ ችግሩ ይተወዋል ብለው ይጽናናሉ። በ1991 በእንግሊዝ አገር የወጣ ጥናት ይህን ፈትሾታል። በ6 ዓመታቸው ቅልጥፍና እንደ ጎደላቸው ታውቀው የነበሩ 17 ልጆች ከአሥር ዓመት በኋላ በ16 ዓመታቸው እንደገና ተመረመሩ። አብዛኞቹ የእንቅስቃሴ ችግራቸው አልለቀቃቸውም ነበር። ከዚህም ሌላ በትምህርት ውጤት፣ በጠባይና በራስ መተማመን ረገድ ከእኩዮቻቸው ይልቅ የተቸገሩ ሆነው ተገኙ።

ይህ ለሁለተኛ ደረጃ መምህራን ትልቅ ቁም ነገር ነው። ችግሩ የአንደኛ ደረጃ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እንዲያውም በሁለተኛ ደረጃ የሚጻፈው ይበዛል፤ የላቦራቶሪ ብልቃጥና የእጅ ሥራ መሣሪያ ይጨመራል፤ ተማሪውም በጓደኞቹ ፊት ማፈርን የሚያውቅበት ዕድሜ ላይ ነው። ከሰውነት ማጎልመሻ ሰዓት «ታምሜአለሁ» እያለ የሚቀር ተማሪ አንዳንድ ጊዜ የሚሸሸው ስፖርቱን ሳይሆን መሳቂያ መሆንን ነው። ከእንቅስቃሴ በራቀ ቁጥር ደግሞ ጉልበቱና ትንፋሹ ይደክማል፤ ይህም ችግሩን ያባብሰዋል።

መምህሩ ምን ያድርግ?

ከዚህ ረጅም ታሪክ ለክፍል የሚሆን ትምህርት እናውጣ።

መጀመሪያ፣ ከተማሪው ጋር ለብቻ ተነጋግሮ አንድ ሥራ መምረጥ ነው። ሁሉን በአንድ ጊዜ ማረም አይቻልም። ለምሳሌ ያህል ጽሕፈቱ ከመስመር እየወጣ ያስቸገረው ተማሪ ቢሆን ሥራውን ራሱን እንመልከት። ወረቀቱ እንዴት ተቀምጧል? የማይጽፍበት እጁ ወረቀቱን ይዟል ወይስ ጭኑ ላይ ነው? እስክሪብቶውን ምን ያህል አጥብቆ ይጫናል? የሚያስቸግሩት ሁሉም ፊደሎች ናቸው ወይስ እንደ «ጠ» እና «ጨ» ያሉ ብዙ እግር ያላቸው? ችግሩ ሲገኝ በዚያ ላይ ብቻ፣ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ፣ በእውነተኛ ቃላትና ዐረፍተ ነገሮች ይለማመድ። በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ሰዓት ከማስጨነቅ በየቀኑ አሥር ደቂቃ ይሻላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ።

ሁለተኛ፣ ዕቅዱን ከተማሪው አፍ ማውጣት ነው። «እንዲህ አድርግ» ከማለት «ኳሱ ለምን ያመለጠህ ይመስልሃል? በሚቀጥለው ምን ትለውጣለህ?» ብሎ መጠየቅ ይበልጥ ያስተምራል።

ሦስተኛ፣ በሰውነት ማጎልመሻ ሰዓት ሥራውን በየደረጃው ማዘጋጀት ነው። ከጨርቅ የተሠራ ትልቅና ቀስ ብሎ የሚመጣ ኳስ ለጀማሪ ይስማማል። ሁለት ተማሪዎች ተራ በተራ እየመረጡ ቡድን የሚያወጡበት ልማድ ቢቀርና መምህሩ ራሱ ቢመድብ አንድ ሰው ሁልጊዜ መጨረሻ ከመቅረት ይድናል። ሰኞ ማክሰኞ፣ ቅልብልቦሽና ገመድ ዝላይ ለእጅና ለእግር መልካም ጨዋታዎች ናቸው፤ ልጁን ከእኩዮቹ ጋር ያገናኙታል። ነገር ግን በታሪኩ እንዳየነው ቅልብልቦሽ የሚያሻሽለው ቅልብልቦሽን ነው። ጽሕፈት እንዲሻሻል ጽሕፈትን መለማመድ ያስፈልጋል።

አራተኛ፣ ልምምዱ ፍሬ እስኪሰጥ ድረስ ትምህርቱ እንዳይቀርበት መንገድ ማበጀት ነው። የታሪክ ፈተና የሚለካው የታሪክ ዕውቀትን ነው፤ የጽሕፈት ውበትን አይደለም። ጥቂት ተጨማሪ ደቂቃ መስጠት፣ ከሰሌዳ የሚገለበጠውን ማሳጠር፣ አንዳንዱን ጥያቄ በቃል መቀበል፣ በላቦራቶሪ ውስጥም ከሚያግዘው ጓደኛ ጋር ማቀናጀት ወጪ አይጠይቅም።

አምስተኛ፣ መምህር ሐኪም አለመሆኑን መዘንጋት የለበትም። ተማሪው ቀድሞ ይችለው የነበረውን ነገር እያጣ ከሄደ፣ አንድ ወገኑ ከሌላው ከደከመ፣ ወይም ችግሩ በድንገት የመጣ ከሆነ ይህ ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት መላክ አለበት። በልዩ ልዩ ማስታወቂያ «አንጎልን ከሥሩ እናስተካክላለን» እያሉ ብዙ ገንዘብና ብዙ ጊዜ ለሚጠይቁም ወላጆች እንዳይቸኩሉ መምከር ተገቢ ነው። ዶማንና ዴላካቶ ብዙ ቤተሰብ ያደከሙት ልጁን ለመርዳት ባለው ቅን ምኞት ላይ ተመሥርተው እንደነበረ ማስታወስ ይጠቅማል።

ለማጠቃለል፣ ሁለቱም ወገኖች ለልጁ አስበው ተነሥተዋል። የመጀመሪያው ወገን ችግሩ የጠባይ ሳይሆን የአካል መሆኑን በማስረዳት ልጁን ከነቀፋ ለማዳን ረድቷል። ሁለተኛው ወገን ግን ልጁ ነገ ጠዋት በሚያስፈልገው ሥራ ላይ እጁን ይዞ አሳይቶታል። የሃይደኑ በሽተኛ ምን እንደሚፈለግበት ጠይቆ፣ ተረድቶ፣ ቤቱ ሄዶ ተለማመደ። ተማሪዎቻችንም ምን እንደሚፈለግባቸው በግልጽ ቢነገራቸው፣ የመሞከሪያ ጊዜና ቦታ ቢያገኙ፣ ሲሳሳቱም ባይሳቅባቸው ብዙዎቹ መጻፍን፣ መቅለብንና መቆለፍን ከምንገምተው በላይ ይማራሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው ዥዋዥዌና ጎማ ያለው ሳንቃ ሳይሆን ተማሪው የት ላይ እንደሚሰናከል ረጋ ብሎ የሚመለከት መምህር ነው።